ወንድ ልጅ ወሲባዊ ጥቃት ሲደርስበት ወላጅና መምህር ምን ያድርጉ?

ወንድ ልጅ ያለው ወላጅ ልጁ ሲወጣ ሲገባ የሚሰጋው ለመኪና፣ ለጠብና ለሱስ ነው፤ ወሲባዊ ጥቃትን የሴት ልጅ ወላጆች ሥጋት ብቻ አድርጎ ይተወዋል። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ግምት ግን፣ ዛሬ በሕይወት ካሉ ወንዶችና ወንዶች ልጆች ከ11 አንዱ 18 ዓመት ሳይሞላው ተደፍሯል ወይም ሌላ አካላዊ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶበታል። በአገራችንም የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ጌትነት ታደለ በመርካቶ አካባቢ በሚኖሩ ወንድ የጎዳና ልጆች ላይ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት፣ እነዚህ ልጆች ተጎጂ ሆነው ሳሉ እንደ ተጎጂ የሚቆጥራቸው እንደሌለ አሳይቷል። ከሁሉ የከፋው ዝምታው ነው። ስኮት ኢስተን የተባሉ ተመራማሪ በልጅነታቸው ጥቃት የደረሰባቸውን 487 ወንዶች ጠይቀው፣ ጉዳዩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው እስኪናገሩ በአማካይ ከ21 ዓመት በላይ እንደፈጀባቸው ዘግበዋል። እዚህ የሚቀርበው ምክር ዓላማው ያንን ጊዜ ማሳጠር ነው።

ምልክቱ በወንዶች ልጆች ላይ ብዙውን ጊዜ ከባለጌነት ጋር ይምታታል። ቁጡነት፣ ተደባዳቢነት፣ ከትምህርት ቤት መጥፋት፣ ሽንት መቆጣጠር ከቻለ በኋላ እንደገና አልጋ ማርጠብ፣ ከአንድ ሰው ብቻ መሸሽ ሊታዩ ይችላሉ። አንዱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ነገር ግን ጥናት የሚወድ ልጅ ድንገት «ዛሬ አስጠኚው እንዳይመጣ በይው» ማለት ከጀመረ፣ ስንፍና ነው ብሎ ከመቆጣት በፊት ረጋ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ልጁ የተናገረ ዕለት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብዙ ነገር ይወስናሉ። ከአፋችን ቶሎ የሚወጡት «ወንድ አይደለህም እንዴ?»፣ «ለምን አልጮህክም?»፣ «እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ?» የሚሉት ጥያቄዎች ጥፋቱን ወደ ልጁ ያዞራሉና ፈጽሞ መባል የለባቸውም። አባት ደግሞ በቁጣ «ማን እንደሆነ ንገረኝ፣ ዛሬውኑ እገድለዋለሁ» ሲል ለልጁ የቆመ ይመስለዋል፤ ልጁ ግን አባቴን ላሳስር ነው ብሎ ይደነግጣል፣ የጀመረውንም ይውጠዋል። የሚያስፈልገው አጭር ነው፦ «የኔ ልጅ፣ አምንሃለሁ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ስለነገርከኝ ጎበዝ፤ ከዚህ በኋላ ብቻህን አይደለህም።» ለማንም አልናገርም ብሎ ቃል መግባት ግን ስሕተት ነው፤ ለሐኪምና ለፖሊስ መነገሩ አይቀርምና። ይልቁንም ከሚረዱት ሰዎች በቀር ለዘመድና ለጎረቤት እንደማይወራ ይነገረው፣ ይህም ይጠበቅለት።

ዝርዝሩን ማውጣጣት የወላጅ ሥራ አይደለም። «ምን ሆነ? ከዚያስ?» የሚሉ ክፍት ጥያቄዎች ይበቃሉ፤ «እገሌ ነው አይደል?» ብሎ መልስ ማጉረስ ምስክርነቱን ያበላሻል። የተናገረውን በራሱ ቃል፣ ከቀንና ከሰዓት ጋር በወረቀት መጻፍ ግን በኋላ ይጠቅማል። በዕድሜ ከፍ ያለ ልጅ ሰውነቱ በጥቃቱ ወቅት ያለፈቃዱ ምላሽ ሰጥቶ ከነበረ «ፈልጌው ነበር ማለት ነው» ብሎ ራሱን ይከሳል። ይህ የሰውነት ምላሽ እንጂ ፈቃድ አለመሆኑን ሳያፍሩ ማስረዳት የትልቅ ሰው ኃላፊነት ነው።

ጥቃቱ በቅርቡ የደረሰ ከሆነ ወደ ሕክምና መሄድ ለነገ አይባልም። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፣ የሚወሰደውም ለ28 ቀናት ነው። ጸበል መውሰድ የሚሻ ቤተሰብ ይውሰድ፤ ሆስፒታሉ ግን ይቅደም። የሚቻል ከሆነ ልጁ ከምርመራው በፊት አይታጠብ፤ ልብሱም ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይያዝ፣ በፌስታል ከታሰረ እርጥበት ማስረጃውን ያበላሸዋል። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናን ከፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ ጋር ያቀናጀ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ። በየትኛውም ቦታ «ይህ ለሴቶች ነው» የሚል መልስ ከተሰጠ፣ ሕፃን ሲባል ወንድ ልጅም መሆኑን በትሕትና ማሳሰብ ነው። ምርመራው ጉዳት ባያሳይም ልጁ ዋሸ ማለት አይደለም፤ በአሜሪካ በጥቃት ጥርጣሬ ለምርመራ በቀረቡ 2,384 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት በመቶ 96 ገደማ በሚሆኑት ላይ የተለየ የአካል ምልክት አላገኘም።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 መድፈርን የሚደነግገው በሴት ላይ ሲፈጸም ብቻ ነው፤ ይህ በእኔ እምነት መታረም ያለበት ክፍተት ነው። ሆኖም ወንድ ልጅ ሕግ የለውም ማለት አይደለም። አጥቂው ወንድ ሲሆን አንቀጽ 631፣ ሴት ስትሆን አንቀጽ 626 እና 627 ይሠራሉ። ብዙ ቤተሰብ ልጃችን በግብረ ሰዶም ይከሰስብናል ብሎ ስለሚፈራ ወደ ፖሊስ አይሄድም፤ በእነዚህ አንቀጾች ግን ልጁ ተበዳይ እንጂ ተከሳሽ አይደለም። በልደታ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልጆች ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያዩ፣ ከሌላ ክፍል ሆነው በካሜራ የሚመሰክሩበት አሠራር አለ። ሽማግሌ ገብቶ ጉዳዩ በካሣ ይለቅ ሲባል ግን እንቢ ማለት ይገባል፤ ዕርቁ አጥቂውን ወደ ሌሎች ልጆች መልሶ ይለቀዋልና።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወራት የሚወስድ ነው። ምግቡ፣ እንቅልፉ፣ ትምህርቱና ኳሱ እንደ ወትሮው ይቀጥሉ፤ በየማታው «ዛሬስ እንዴት ነህ?» እያሉ ቁስሉን መነካካት አይጠቅምም። በአካባቢው የሥነ ልቦና ሐኪም ባይኖርም ተስፋ አይቆረጥም፤ በሉሳካ፣ ዛምቢያ በ257 ልጆች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሙከራ፣ በአጭር ጊዜ የሠለጠኑ ተራ አማካሪዎች የሰጡት ሕክምና የልጆቹን የሰቀቀን ምልክቶች በእጅጉ መቀነሱን አሳይቷል።

አንድ ክፉ አባባል በተለይ ከቤት ይጥፋ፦ «የተደፈረ ወንድ ነገ ይደፍራል» የሚለው። በእንግሊዝ አገር ጥቃት የደረሰባቸውን 224 ወንዶች ለዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በኋላ ወሲባዊ ወንጀል ፈጽመው ያገኘው 26ቱን ብቻ ነው። ልጁን ከታናናሾቹ መለየት፣ በጥርጣሬ ዓይን መከታተል ሁለተኛ ቅጣት ይሆንበታል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ለምትኖሩ ወላጆች ደግሞ የስልኩ ነገር አለ። የአሜሪካ ፌዴራል የወንጀል ምርመራ ቢሮ (ኤፍ ቢ አይ) እንደሚያስጠነቅቀው በራቁት ፎቶ እያስፈራሩ ገንዘብ የሚጠይቁ ወንበዴዎች በአብዛኛው የሚያጠምዱት ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወንዶችን ነው። ልጁ ይህ ከደረሰበት ገንዘብ አይላክ፣ መልእክቶቹ አይጥፉ፣ የአስፈራሪው አካውንት ለፖሊስና ለመተግበሪያው ባለቤት ይጠቆም። ስልኩን መንጠቅ ግን አይገባም፤ ቅጣቱን አይቶ ሁለተኛ ሲያስፈራሩት አይነግራችሁም።