ባለ 12 ክር ጊታር ልትገዙ ነው? ክሩ እንደላላ አትመኑት

ባለፈው ነሐሴ እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ከአንድ ሱቅ ባለ 12 ክር አኩስቲክ ጊታር ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ክሩ ለጣት የማይከብድ፣ ድምፁም ወፈር ብሎ ደስ የሚል ነበር። ቤት ወስጄ በቱነር (ድምፁ ልክ መሆኑን በሚያሳይ መቃኛ) ልኩ ድረስ ስቃኘው ሌላ ጊታር ሆነብኝ። ክሩ ከፍሬቱ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ተነሳ። በሳምንቱ ደግሞ ብሪጁ፣ ክሮቹ ሳጥኑ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት፣ ከኋላ በኩል አፉን ከፈተ። ለካ ክሮቹ በጣም ላልተው ነው የተሰቀሉት! ተንኮል ይሁን አለማወቅ እስከዛሬ አልገባኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ 6 ክር ጊታር ተቃኝቶ ሲቀመጥ ክሮቹ አንገቱን የሚጎትቱት በ70 ኪሎ አካባቢ ጉልበት ነው። ባለ 12 ክሩ ወደ 110 ኪሎ ይጠጋል። ከአንድ ኩንታል ጤፍ በላይ ተሸክሞ ነው ቀንም ሌሊትም የሚውለው። ክሩ ሲላላ ኩንታሉ ከጀርባው ይወርድለታል፣ ያኔ ማንኛውም ጊታር ቀጥ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ «ጋሼ፣ ልኩ ድረስ ልቃኘው?» በሉ። ስልካችሁ ላይ ቱነር ይኑራችሁ። ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ነው። 12ቱ ክሮች ስድስት ጥንድ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ጥንዶች አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ደግሞ በአንድ ኦክታቭ ከፍ የሚል ቀጭን ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥንዶች እኩል ናቸው። ቃኝታችሁ ስትጨርሱ ወጣ በሉና ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሻጩ «አይ፣ ይበጠሳል፣ አትንካው» ካለ እንኳን ተመልሳችሁ መምጣት አያስፈልግም።

ከቡናው በኋላ የምታዩት እነዚህን ነው።

ወደ ሳጥኑ ሲጠጋ ክሩ ጣት ይቆርጣል

ዋናው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። 12ኛው ፍሬት ላይ ማስመሪያ አቁሙና ከፍሬቱ አናት እስከ ወፍራሙ ኢ ክር ስር ያለውን ለኩ። 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ ደህና ነው። 3.5 ካለፈ ችግር አለ። ችግሩ ግን ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ አንዱ በነጻ ይስተካከላል፣ አንዱ በትንሽ ብር፣ አንዱ ደግሞ ከጊታሩ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ሻጩ ለሦስቱም «ትንሽ ነገር ናት፣ ትስተካከላለች» ነው የሚላችሁ።

በመጀመሪያ አንገቱ ጎብጦ እንደሆነ እዩ። ክሩን 1ኛውና 14ኛው ፍሬት ላይ ባንድ ጊዜ ጫኑትና 7ኛው ፍሬት አካባቢ ክፍተቱን ተመልከቱ። ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል ብቻ መሆን አለበት። ሳንቲም ካሳለፈ ጎብጧል። አንገቱ ውስጥ ትራስ ሮድ የሚባል ብረት አለ፤ ጫፉ ወይ በድምፅ ቀዳዳው በኩል ወይ ጭንቅላቱ ላይ ካለች ትንሽ ክዳን ስር ይገኛል። ክሩን ትንሽ አላሉና በአለን ኪ (ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ) ወደ ቀኝ ሩብ ዙር አጥብቁ፣ መልሳችሁ ቃኙ፣ እንደገና እዩ። ሩብ ዙር ነው ያልኩት! አልዞርም ካለ አትታገሉት፣ ብረቱ ከተቆረጠ አለቀ።

አንገቱ ደህና ከሆነ ወደ ሳድሉ ሂዱ፤ ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ነጭ ቀጭን አጥንት ወይም ፕላስቲክ ማለት ነው። ከፍ ካለች ከስሯ በብርጭቆ ወረቀት ትፋቃለች። 12ኛው ፍሬት ላይ 1 ሚሊሜትር ለማውረድ ከሳድሉ 2 ሚሊሜትር መፋቅ ስላለበት፣ ገና ሱቅ እያላችሁ ከብሪጁ እንጨት በላይ ስንት እንደቀረው እዩ። 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ካለው መፋቂያ አለው፣ በዚያ ሰበብ ዋጋ አስቀንሱ። ሳድሉ ተፍቆ ተፍቆ ከብሪጁ ጋር እኩል ሊሆን ደርሶ ክሩ አሁንም ከፍ ካለ ግን የመጨረሻውና ክፉው ነው።

እሱም የአንገቱ ማዕዘን ነው። አንገቱ ራሱ ቀጥ ያለ ሆኖ ከሳጥኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በጉተታ ብዛት ዘንበል ብሏል። ረጅም ማስመሪያ ፍሬቶቹ ላይ አስተኝታችሁ ወደ ብሪጁ ግፉት። በብሪጁ አናት ላይ ካረፈ ጥሩ። ከአናቱ ዝቅ ብሎ ግንባሩን ከመታ አንገቱ ተነቅሎ፣ ተስተካክሎ እንደገና መገጠም ይፈልጋል። ይህን በወጉ የሚሠራልኝ ሰው እኔ እዚህ ከተማ አላገኘሁም። ስሙ የታወቀ ጊታር ቢሆን፣ በግማሽ ዋጋ ቢሉዋችሁም አስቀምጣችሁ ውጡ።

ብሪጁ ተነስቷል

ከብሪጁ ኋላ የፊቱ ጣውላ ትንሽ ሆድ ማውጣቱ ባለ 12 ክር ላይ የተለመደ ነው፣ አይደንግጣችሁ። የሚያስፈራው ብሪጁ ሲላቀቅ ነው። የሱቅ ደረሰኝ ከብሪጁ ጀርባ ስር ለማስገባት ሞክሩ። ከገባ ኮላው ለቋል። መፍትሄው ብሪጁን ሙሉ በሙሉ አንስቶ፣ የድሮውን ኮላ ፍቆ፣ በእንጨት ኮላ ለጥፎ ቢያንስ አንድ ቀን በሞርሳ ጠብቆ ማቆየት ነው። የኔን አንድ እጁ ንጹሕ የሆነ አናጢ ሠራልኝ፣ እስካሁን ይዟል። በሱፐር ግሉ የተጣበቀ ወይም በብሎን የተቸነከረ ብሪጅ ካያችሁ ግን ከዚህ በፊት አንድ ሰው ታግሎ እንደተሸነፈ እወቁ።

መሃል ያለው ቀጭን ክር በየሳምንቱ ይበጠሳል

የጂ ጥንድ ቀጭኑ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ጊታሩ ላይ ከሁሉም ከፍ ያለውን ድምፅ የሚያወጣው እሱ ነው እንጂ የመጨረሻው ኢ አይደለም። ውፍረቱ 0.008 ወይም 0.009 ኢንች ብቻ ነው፣ ልኩ ላይ ሲደርስ ለመበጠስ አንድ ሐሙስ ነው የቀረው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ በስንጥቆቹ የሚያልፉበት ቁራጭ) ወይም የመቃኛው ቀዳዳ ስለት አለው ማለት ነው፣ በቀጭን ሞረድ ይለስልስ። የትም ቦታ ከተበጠሰ ጊታሩን በሙሉ አንድ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙና ካፖ (ክሮቹን ሁሉ ባንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) 2ኛው ፍሬት ላይ እሰሩ። ጉተታው በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ድምፁ ያው ነው። እኔ ከዚያ ነሐሴ ወዲህ እንዲህ ነው የምጫወተው። ብዙ የዓለም ተጫዋቾችም እንዲሁ ያደርጋሉ፣ ስለዚህ አትፈሩ። መተኪያ ስትፈልጉ የ12 ክር ሙሉ ጥቅል ካጣችሁ የኤሌክትሪክ ጊታር 9 ቁጥር ጥቅል አንደኛውን ክር እሰሩ፣ ያው ብረት ነው።

ተቃኝቶ አያድርም

በመጀመሪያ ክሩን ቀይሩ። የዛገ ክር ላይ የፈረደ ሰው ጊታሩን በድሏል። አዲስ ክር ደግሞ ለጥቂት ቀን መለጠጡ አይቀርም። ስትቃኙ «ጢን» እያለ የሚዘል ከሆነ ነቱ ክሩን ነክሶታል፣ እርሳስ ፍቃችሁ ዱቄቱን ቦታው ላይ አድርጉ። አንድ ዙር መቃኘትም አይበቃም፤ 12ኛውን ክር ስትጨርሱ አንገቱ ስለተጎተተ የመጀመሪያው ወርዷል። ክራር የሚደረድር ጓደኛዬ «ስድስቷን እንኳ ስንቴ እየዞርኩባት» ብሎ ስቆብኛል። እሱ ቱነር አይነካም፣ የጥንዶቹን ሽኩቻ (ሁለቱ ክሮች ሳይገጥሙ ሲቀሩ የሚሰማውን ውዝዋዜ) በጆሮው እስኪጠፋ ይጠብቃል።

ክፍቱን ሲመቱት ልክ ሆኖ 12ኛው ፍሬት ላይ ከተዛባስ? ትንሽ መዛባት አለ፤ ወፍራምና ቀጭን ክር አንድ ሳድል ላይ ስለሚያርፉ ሁለቱም ፍጹም አይሆኑም። ጆሮ የሚያምም ከሆነ ግን ተዉት። በተለይ አንቺሆዬ ልትጫወቱበት ካሰባችሁ፣ በዚያ ቅኝት ድምፆቹ ስለሚቀራረቡ መዛባቱ ወዲያው ይሰማል።

ነሐሴ የገዛሁት ጥር ላይ ይንጫጫል

ይሄ የጎንደር አየር ነው። በክረምቱ እርጥበት ጣውላው ያብጣል፣ ክሩም ከፍ ይላል። በበጋ ይደርቃል፣ ጣውላው ይወርዳል፣ ክሩ ፍሬት እየነካ ይንጫጫል፣ የፍሬቱ ጫፍ እጅ ይቧጭራል። ስለዚህ ክረምት ላይ ሳድል ለመፋቅ አትቸኩሉ። በጋ ላይ እርጥብ ስፖንጅ ቀዳዳ ባለው የሳሙና ዕቃ ውስጥ ከታችሁ ቦርሳው ውስጥ አስቀምጡለት። ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፣ ከሰል ምድጃ አጠገብም አታስጠጉት። የፊቱ ጣውላ ሙሉ እንጨት ይሁን ኮምፖርሳቶ በድምፅ ቀዳዳው ጠርዝ ይታወቃል፦ ንብርብር ካያችሁ ኮምፖርሳቶ ነው። ድምፁ ትንሽ ያንሳል፣ ግን በመጋቢት ድርቀት ቶሎ አይሰነጠቅም። ለጀማሪ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ሁለቱን ክር ባንድ ጣት መያዝ አቃተኝ

መለማመድ የሚፈታው አለ፣ የማይፈታው አለ። 3ኛው ፍሬት ላይ ጫኑና 1ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እዩ። በጭንቅ የሚታይ መሆን አለበት። በግልጽ ከታየ የነቱ ስንጥቅ ከፍ ብሏል፣ በሞረድ ይወርዳል። የነቱ ስፋት ደግሞ 47 ወይም 48 ሚሊሜትር ቢሆን ነው የሚመቸው። 43 ሚሊሜትር ላይ 12 ክር ያጨቀ ካጋጠማችሁ ሞረድም ልምምድም አያድነውም። እንደዚያ ዓይነቱን ስድስቱን ቀጭን ክር አውልቆ እንደ ተራ ጊታር የሚጫወት ልጅ አውቃለሁ፣ ደስተኛ ነው።