በቤት የተገጣጠመ ኮምፒውተር ድርግም ሲልና አልነሳ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በለገጣፎ የሚኖር ሰው ዕቃውን ከመርካቶ አንድ በአንድ ገዝቶ በቤቱ የገጣጠመው ኮምፒውተር በሥራ መሃል ድርግም ሲልበት፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጭናል፣ ቀጥሎ ራም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ይገዛል፣ የግድግዳውን ሶኬት የሚመለከተው ግን ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። እዚህ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ቀርቧል፤ በአዲስ አበባ ዳርቻ የኤሌክትሪክ መስመሩ ራሱ ዋነኛ ተጠርጣሪ ነውና፣ እሱን ለመመርመር የሚያስፈልገው ወጪም ከሁሉ ያነሰ ነው። በፍተሻው ሁሉ አንድ ደንብ ይጠበቅ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፣ የተለወጠውና የታየው ውጤትም ከነሰዓቱ በደብተር ይጻፍ። ሁለት ነገር አብሮ ከተለወጠ ኮምፒውተሩ ቢስተካከል እንኳ ጥፋቱ የየትኛው እንደነበረ ማወቅ አይቻልም።

ምልክት፦ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል ወይም በራሱ ጊዜ እንደገና ይነሳል

ሰማያዊ ስክሪን (ዊንዶውስ ሲወድቅ የሚያሳየውን የስሕተት ገጽ) ሳያሳይ በቅጽበት የሚጠፋ ኮምፒውተር በቅድሚያ የሚያመለክተው ኃይል እንደተቋረጠበት ነው። የኮምፒውተሩን ክስተቶች በሚመዘግበው በዊንዶውስ ኢቨንት ቪውወር ውስጥ የሚገኘው «ከርነል ፓወር 41» የሚለው መዝገብ ብዙዎች እንደሚያምኑት የፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን ኃይል ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚያከፋፍለው ሳጥን) ብልሽት ማረጋገጫ አይደለም፤ የሚናገረው ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ መቆሙን ብቻ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ «በግቼክ ኮድ» ከሚለው አጠገብ ዜሮ ካለ ኃይል ተቋርጧል ወይም ማሽኑ ፈጽሞ ደርቆ ቀርቷል ማለት ሲሆን፣ ሌላ ቁጥር ካለ ግን ሰማያዊ ስክሪን ተከስቶ ስለነበር ፍለጋው ወደ ራምና ወደ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር ወደሚያገናኘው ፕሮግራም) ይዞራል።

የመስመራችን መደበኛ ቮልቴጅ 220 ነው። ከትራንስፎርመር በራቀ ቤት ግን ምሽት ላይ፣ አጠገብ ያለው ብየዳ ቤት ሥራ ሲጀምር፣ ወይም በዚያው ቆጣሪ ላይ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ በግልጽ ይወርዳል። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር የተለመደው የኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳው የሚመጣው ኃይል ሲቋረጥ ለማዘርቦርዱ የሚሰጠውን ቮልቴጅ እንዲያቆይ የሚጠበቀው ለ16 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ይህም አንድ ሰከንድ ለ60 ሲካፈል ከሚደርሰው ብዙም አይርቅም። ስለዚህ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ሲመለስ ዓይን በቅጡ ያላስተዋለው መቋረጥ ኮምፒውተሩን ለማጥፋት ይበቃል።

መፍትሄው በመለካት ይጀምራል። መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) በኤሲ ቮልቴጅ ላይ አድርገው ሶኬቱን ጠዋት፣ ምሽት፣ ምጣዱ ተሰክቶና ተነቅሎ ይለኩ። ንባቡ ከ200 በታች የሚወርድ ወይም የሚዋዥቅ ከሆነ ከኮምፒውተሩ ዕቃ አንዱንም አይግዙ። መልቲሜትር ከሌለ ማሽኑን በሌላ ትራንስፎርመር ሥር ወደሚኖር ዘመድ ቤት ወስዶ ጥቂት ቀን ማሠራት ጥሩ ፍተሻ ነው፤ እዚያ አንድም ጊዜ ካልጠፋ ጥርጣሬው ከዕቃው ላይ በአብዛኛው ይነሳል። ብዙ ዕቃ የተሰካበትን ዲቫይደር አውጥተው ኮምፒውተሩን በቀጥታ ከግድግዳው ያገናኙ፤ የላላ ወይም የጠቆረ ሶኬትም ይቀየር። ስታቢላይዘር ለወረደ ቮልቴጅ ይረዳል፣ ለቅጽበታዊ መቋረጥ ግን ባትሪ ያለው መጠባበቂያ ዩፒኤስ እንጂ ስታቢላይዘር መድኃኒት አይሆንም። ዩፒኤስ ሲገዛ በትልቁ የተጻፈው ቪኤ ከዋት ጋር አንድ ስላልሆነ የዋቱን ቁጥር መጠየቅ ይገባል። አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚሰጠውን የተቆራረጠ ሞገድ ስለማይቀበሉ፣ የተከፈተ ሥራ በሌለበት ሰዓት ዩፒኤሱን ከግድግዳ ነቅሎ ኮምፒውተሩ መቆየት አለመቆየቱን ማየት ያስፈልጋል።

ኬዙን ሲነኩት እጅን የሚነዝር ከሆነ ቤቱ የምድር ሽቦ የለውም ማለት ሊሆን ይችላል። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ያለው ማጣሪያ የምድር መስመር ሲያጣ የመስመሩን ግማሽ ያህል ቮልቴጅ ወደ ኬዙ ያመጣል፤ ጉልበቱ አነስተኛ ቢሆንም ዩኤስቢንና ድምፅን ይረብሻል፣ ዕቃ በሚሰካበት ጊዜም ሊጎዳ ይችላል። ይህን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን የምድር ዘንግ ቀብሮ ያስተካክለው እንጂ ሽቦውን ከውኃ ቧንቧ ወይም ከኒውትራል ጋር ማያያዝ የሰው ሕይወት የሚያጠፋ ድርጊት ነው። ከውጭ አገር ያገለገለ ዕቃ ለገዙም አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ቀይ ማዞሪያ ካለ 230 ላይ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይሰኩት፤ 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ይቃጠላል።

ምልክት፦ መብራቱ ሳይነቃነቅ ጌም ወይም ቪዲዮ ሲሠራ ብቻ ይጠፋል

እዚህ ላይ ጥርጣሬው ወደ ፓወር ሰፕላዩ ይገባል። በጎኑ የተለጠፈውን ትልቅ የዋት ቁጥር ትተው የ12 ቮልት መስመሩን አምፒር በ12 ያባዙ፤ ለፕሮሰሰሩና ለግራፊክስ ካርዱ የሚደርሰው እውነተኛ አቅም ያ ነው። ይህ መስመር ጭነት ባለበትም ጊዜ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ ሊቆይ ይገባዋል። ግራፊክስ ካርዱ ሁለት መሰኪያ ካለው በአንድ ኬብል ቅጥያ ሳይሆን በሁለት የተለያዩ ኬብሎች ያገናኙት። ፓወር ሰፕላዩን ግን በፍጹም አይክፈቱ፤ ካፓሲተሮቹ ከተነቀለ በኋላም ለሞት የሚያደርስ ኃይል ይይዛሉ።

ኃይሉ ደህና ከሆነ ሙቀት ይለካ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚያነሳው ሙቀት ያነሰ ነው። በዚህ ላይ በበጋ ካልተነጠፈው መንገድ የሚነሳው አቧራ በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል ሲጠቀጠቅ ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ይጠጋና ራሱን ለማዳን ያጠፋል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ፣ የፋኑን ምላጭ በጣት ይዘው ያጽዱ፤ የሙቀት ማስተላለፊያውን ቅባትም ይቀይሩ። አዲስ የተገጠመ ማቀዝቀዣ ከሆነ ከሥሩ ያለው የፕላስቲክ ልጥፍ መነሳቱን ያረጋግጡ።

ምልክት፦ ሰማያዊ ስክሪኑ በየጊዜው የተለያየ ኮድ ያሳያል

አንድ ዓይነት ኮድ የሚደጋገም ከሆነ ድራይቨር ሊሆን ይችላል። ኮዱ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ራም ይጠርጠር። በመጀመሪያ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ገብተው ኤክስኤምፒ የሚባለውን የራም ፍጥነት ማስተካከያ ያጥፉ፤ ከተስተካከለ ራሙ አልተበላሸም፣ የተጠየቀውን ፍጥነት አልቻለም ማለት ነው። ካልተስተካከለ ራሞቹን ነቅለው ወርቃማ ጥርሳቸውን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለው ይጥረጉና አንድ በአንድ እየሰኩ በራም መፈተሻው ፕሮግራም በሜምቴስት86 ሌሊቱን ሙሉ ይፈትኗቸው። አንድ ስሕተት እንኳ ከታየ ያ ራም አይታመንም። ሁለት ራም ባለ አራት ማስገቢያ ማዘርቦርድ ላይ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ቦታው ከፕሮሰሰሩ ተቆጥሮ ሁለተኛውና አራተኛው ነው።

የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያላቸው፣ በተለይ የአይ7ና የአይ9 ባለቤቶች፣ ከራሙ ቀጥሎ ፕሮሰሰሩን ይጠርጥሩ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2024 ከነዚህ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች አንዳንዶቹ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ በመጠየቃቸው እንደሚጎዱ አምኖ ማሻሻያ አውጥቷል። የባዮስ ማሻሻያው ጉዳቱን ይከላከላል እንጂ አስቀድሞ የተጎዳውን አያድንም፤ ያገለገለ ለሚገዛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባዮስ በሚታደስበት ጊዜ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ጭራሽ ላይነሳ ስለሚችል ያለ ዩፒኤስ አይሞከር።

ምልክት፦ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ባዶ ነው

የስክሪኑ ኬብል ከግራፊክስ ካርዱ እንጂ ከማዘርቦርዱ ጋር አለመገናኘቱን ይዩ፤ ስማቸው በኤፍ የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውምና። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው ባለ 8 ፒን ኬብል ብዙ ጊዜ ይረሳል። ዲዲአር5 ራም በመጀመሪያው ቀን ራሱን ለማስተካከል ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ስለሚችል ቸኩለው አያጥፉት። ማዘርቦርዱ ላይ የምርመራ መብራቶች ካሉ በርቶ የቀረው መብራት ችግሩ ከፕሮሰሰር፣ ከራም፣ ከግራፊክስ ወይም ከዲስክ መሆኑን ያሳያል። ቀኑና ሰዓቱ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የተባለች ትንሽ ባትሪ አልቃለች፤ መብራት መጥፋት በሚበዛበት ቦታና በየሌሊቱ በሚነቀል ኮምፒውተር ላይ ቶሎ ታልቃለች።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ማዘርቦርዱን ከኬዙ አውጥተው በካርቶን ላይ ያድርጉት፤ ፕሮሰሰሩን፣ ማቀዝቀዣውን፣ አንድ ራምና ፓወር ሰፕላዩን ብቻ አገናኝተው ያስነሱት፣ ፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ከሌለው ካርዱን ይጨምሩ። በካርቶን ላይ ተነስቶ በኬዙ ውስጥ የማይነሳ ከሆነ ከማዘርቦርዱ ሥር የቀረ ትርፍ ብሎን ብረት ለብረት እያገናኘ ነው።

ምልክት፦ ባዮስ ይታያል፣ ዊንዶውስ ግን አይገኝም

ባትሪው ከተቀየረ ወይም ባዮስ ወደ መነሻው ከተመለሰ በኋላ የመጣ ከሆነ የማስነሻ ቅደም ተከተሉና የዩኢኤፍአይ (የአዲሱ ዓይነት ባዮስ) የማስነሻ ምርጫው ተለውጦ ይሆናልና ወደነበረበት ይመለስ። በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ኤም.2 ኤስኤስዲ (በማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ዲስክ) ሲገባ ከሳታ (በኬብል የሚገናኙ ዲስኮች) መሰኪያዎቹ አንዱ ሥራ ያቆማል፤ ኬብሉን ወደ ሌላው ያዛውሩ። ዲስኩ አንዴ እየታየ አንዴ የሚጠፋ ከሆነ ግን የዊንዶውስ ዲስክ መጠገኛ ቼክዲስክም ሆነ ሌላ ጥገና ከመጀመሩ በፊት ዲስኩን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ፎቶዎችዎንና ሰነዶችዎን ይገልብጡ፤ ጥገናው ራሱ በመሞት ላይ ላለ ዲስክ ከባድ ሥራ ነው።