ናፖሊን በሁለት ቀን ለመጎብኘት

ወደ ጣሊያኗ ከተማ ናፖሊ ለአጭር ጉብኝት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሳምንቱን ቀናት ቢያጤን ይበጀዋል፤ ከጥንታዊቷ ከተማ ከፖምፔይ ፍርስራሽ የወጡት የግድግዳ ሥዕሎችና ሞዛይኮች የሚታዩበት ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ማክሰኞ ዝግ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ለሙዚየሙና አሮጌውን ከተማ ሰንጥቆ ለሚያልፈው ስፓካናፖሊ ለተባለው ጠባብ ጎዳና ይስጡ። በማግስቱ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከጋሪባልዲ አደባባይ በአካባቢው ባቡር ተሳፍረው እ.ኤ.አ. በ79 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በአመድ ወደ ቀበራት ወደ ፖምፔይ ይሂዱ፤ ጥላ እምብዛም ስለሌለ ኮፍያና ውኃ አይርሱ።

ከፒዛዎቹ ዝነኛዋ ማርጋሪታ ብትሆንም የእኔ ምርጫ ማሪናራ ናት፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት እንጂ አይብ ስለሌለባት ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም መንገደኛም ትሆናለች። ጠርዟ በእንጨት ምድጃው እሳት ጠቆር ጠቆር ማለቱ ወጉ ነውና አረረ ብለው አይመልሷት። ቡናውን ግን ቆመው ይጠጡ፤ ከተቀመጡ ብዙ ጊዜ ዋጋው ይጨምራል።