አሮጌ ሃይሉክስ በኋላ ጎማ በኩል ዘይት ሲያፈስ

የኋላ ጎማው በውስጥ በኩል በዘይት ርሷል፣ አቧራ ጠጥቶም ጭቃ መስሏል። ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል፤ የእጅ ፍሬኑ ዳገት ላይ አይዝም። ብዙ ጊዜ «ኦይል ሲሉ ነው» (ዘይት እንዳይወጣ በዘንጉ ዙሪያ የሚዘጋው የላስቲክ ቀለበት) ተብሎ ወዲያው ይቀየርና ከወር በኋላ ተመልሶ ያፈሳል። ኦይል ሲሉን ምን እንደበላው ሳይታወቅ አዲስ መክተት ገንዘብ መጣል ነው።

መጀመሪያ የሚያፈሰው የቱ ዘይት እንደሆነ ይለዩ። አንድ ጠብታ በጣት ወስደው ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ይጣሉ። የፍሬን ዘይት ከውሃው ጋር ይዋሃዳል። የዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን) ዘይት ግን ላይ ይንሳፈፋል፤ ወፍራም ነው፣ ድኝ ድኝ ይሸታል። የፍሬን ዘይት ከሆነ ያፈሰሰው የጎማው ፍሬን ሲሊንደር ስለሆነ አክስል (ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ) መምዘዝ አያስፈልግም።

ሁለቱም ጎን ካፈሰሰ መተንፈሻውን ይጠርጥሩ። ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል፤ መውጫ ካጣ ዘይቱን በኦይል ሲሉ ከንፈር በኩል ይገፋዋል። መተንፈሻው በአክስሉ ቱቦ አናት ላይ የተሰካ ትንሽ ባርኔጣ ነው፤ የገጠር መንገድ ጭቃ ይደፍነዋል። ፈትተው በናፍታ ይጠቡት፤ ክዳኑ በጣት ሲነካ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። የዘይቱንም መጠን ይመልከቱ፦ ልኩ የመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር ነው፣ ከዚያ በላይ ትርፍ ነው።

አንድ ጎን ብቻ ከሆነ ጎማውን በክሪክ አንስተው ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት። ከተንቃቃ ወይም ሲዞር ከጎረበጠ ኩሽኔታው (ዘንጉ ሲዞር የሚሸከመው) ሄዷል። ዘንጉ ከተወዛወዘ አዲስ ኦይል ሲልም ቢሆን አይችለውም።

ወደ ሥራው ሲገቡ መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ የፊት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። ክሪክ ብቻ አይታመንም፤ ከሥሩ ጠንካራ መደገፊያ ያስገቡ። ዘይቱን ከማውረድዎ በፊት የመሙያውን ቡሎን ፈትተው ይሞክሩ። ዛገ ብሎ እምቢ ካለ ዘይት የሌለው ዲፈረንሻል ይዘው ይቀራሉ።

ታምቡሩ (ጎማው ሲወጣ የሚታየው፣ ፍሬኑን የሸፈነው ክብ ብረት) አልወጣ ካለ በመዶሻ አይደብድቡት። ፊቱ ላይ ባሉት ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች የ8 ሚሊሜትር ቡሎን አስገብተው እኩል እኩል ሲያጠብቁ ራሱ ይገፋል። የፍሬኑን ቱቦ በ10 ቁልፍ ፈትተው ጫፉን ይድፈኑ፣ የእጅ ፍሬኑን ገመድም ያላቁ። ከኋላ ያሉት አራት ዳዶዎች ሲፈቱ አክስሉ ከነኩሽኔታውና ከነፍሬኑ ሳህን ተያይዞ ይወጣል። ቀጥ አድርገው ይሳቡት።

አሮጌው ኦይል ሲል ቱቦው ውስጥ ቀርቷል። ከመንቀልዎ በፊት ምን ያህል ሚሊሜትር እንደገባ ይለኩ። ከዚያም ከንፈሩ የተቀመጠበትን የዘንጉን ቦታ ጠርገው በጥፍር ይዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ እዚያው ላይ የተቀመጠ አዲስ ኦይል ሲል ማፍሰሱን አይተውም፤ ቦታው ከፈቀደ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ጥልቀቱን ለውጠው ያስገቡት፣ ቦዩ ጠልቆ ከሆነ ዘንጉ ይቀየር። ኩሽኔታ የሚቀየር ከሆነ ፕሬስ ያለበት ጋራዥ ይውሰዱት። የሚይዘው ቀለበት አንዴ ከወጣ አይደገምም።

ከአዲስ አበባው የመኪና መለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ሄደው በውስጥ፣ በውጭና በውፍረት ያመሳስሉ። ኩሽኔታው ጎን ያለውንም የውጭ ኦይል ሲል አብረው ይግዙ፤ የውስጡ ሲያፈስ የኩሽኔታውን ግሪስ አጥቦ በዚያ በኩል ነው የሚወጣው።

ሲያስገቡ ስፕሪንግ ያለበት ፊት ወደ ዘይቱ ይዙር፣ ከንፈሩ ግሪስ ይቀባ። ዙሪያውን እኩል በሚነካ ቧንቧ ቀስ እያሉ ይምቱት፤ ቢያዘነብል ከአዲስነቱ ያፈሳል። አክስሉን ሲመልሱም ክብደቱን በእጅ ይሸከሙ፣ የዘንጉ ጥርስ ከንፈሩን ከፋቀው የእስካሁኑ ልፋት ከንቱ ነው።

ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ (ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው) አይድንም። በቤንዚን ማጠብም ሆነ በእሳት ማቃጠል ላዩን ያደርቀዋል እንጂ ሲሞቅ ዘይቱ ተመልሶ ይወጣል፣ ፍሬኑም ይከዳል። የግራውንም የቀኙንም፣ አራቱንም ይቀይሩ። ታምቡሩን በፍሬን ማጠቢያ ይጥረጉ፣ የፍሬኑን አየር ያስወጡ፣ 80 ደብልዩ 90 ጂ ኤል 5 የሚል የዲፈረንሻል ዘይት ከመሙያው እስኪፈስ ይሙሉ። ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ነድተው ሁለቱንም የኋላ ታምቡሮች በእጅ ጀርባ ቀረብ ብለው ይፈትሹ፤ አንዱ ከሌላው በጣም የሚግል ከሆነ ሸራው ጠብቋል ወይም ኩሽኔታው ተጨንቋል።