ለቤት ፕሪንተር ከመግዛታችሁ በፊት የቀለሙን ዋጋ ጠይቁ

የልጆቼ ትምህርት ቤት ወርክሺት የሚልከው በቴሌግራም ነው። ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ጠዋት ደግሞ ተሠርቶ ይፈለጋል። በዚያ ሰዓት የሰፈራችን ፎቶ ኮፒ ቤት ተዘግቷል። እኔም አስተማሪ ስለሆንኩ የማዘጋጀው ፈተና፣ የማርክ ዝርዝርና ማስታወሻ አይጠፋም። ስለዚህ ፕሪንተር ለቤታችን ቅንጦት አይደለም። ግን የሚሆነንን እስካገኝ ድረስ ሁለት ጊዜ ገንዘቤን አጥፍቻለሁ። እናንተም እንዳትደግሙት የማውቀውን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውን ፕሪንተር እህቴ ከሜሪላንድ አመጣችልኝ። ሌዘር ነበር፤ ከካርቶኑ እንኳ አልወጣም። ደስ ብሎኝ ሰካሁት። ጧ! አለና የተቃጠለ ሽታ ቤቱን ሞላው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ሁሉም ዕቃ እንደዚያ ይመስለናል። ሌዘር ፕሪንተር ግን ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጥበት የጋለ ክፍል አለው፤ እሱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ለአንድ ዓይነት ቮልቴጅ ብቻ ነው። ከውጭ ዕቃ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ፣ ሳይገዛ በፊት ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። «ከ220 እስከ 240» ወይም «ከ100 እስከ 240» ካላለ ይቅር።

ሁለተኛው ትንንሽ ካርትሬጅ (የፈሳሽ ቀለም መያዣ) የሚገባበት ባለ ከለር ፕሪንተር ነበር። ዋጋው ስለረከሰ ገዛሁት። ሰኔ ላይ ትምህርት ተዘጋ፣ ፕሪንተሩም ክረምቱን ሙሉ ሳይነካ ተቀመጠ። መስከረም ላይ ስከፍተው ቀለሙ አፉ ላይ ደርቆ ነጭ ወረቀት ብቻ ያወጣል። ደጋግሜ በ«ክሊኒንግ» አጸዳሁት፤ ማጽዳቱ ራሱ የቀረውን ቀለም ጨረሰው። ፈሳሽ ቀለም የሚጠቀም ፕሪንተር ካላችሁ በሳምንት አንድ ገጽ፣ ሁሉም ቀለም ያለበት፣ ማተም አለባችሁ። ክረምትም ቢሆን። የሌዘር ቶነር ግን ዱቄት ነው፤ አይደርቅም። ለእኔ ቤት ነገሩን የወሰነው ይሄ ነው።

ሦስተኛውን ከመግዛቴ በፊት ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ ቆጠርኩ። ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካላንደር ጥቅምትን ሙሉ ያሳተምነውን ገጽ በየቀኑ ጻፍኩ። 140 ገጽ ሆነ። ከዚያ ውስጥ ከለር የግድ የሚያስፈልገው 11 ብቻ ነበር። ለ11 ገጽ ብዬ ባለ ከለር ማሽን መያዝ ስህተት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እነዚያን አሁንም ሰፈር ወስጄ አሳትማለሁ። እናንተም አንድ ወር ቁጠሩ። በወር 20 ወይም 30 ገጽ ብቻ ከሆነ ፕሪንተር አያስፈልጋችሁም፤ ገንዘባችሁን ያዙ።

ቆጥራችሁ ከጨረሳችሁ ወደ ሱቅ ሂዱ። መገናኛ አንድ ሱቅ ገብቼ ነበር። ልጁ «ማዘር፣ ይሄን ውሰጂው፣ ከዚህ የረከሰ የለም» አለኝ። «ቶነሩስ ስንት ነው?» አልኩት። አላወቀም። ጎረቤት ሱቅ ሄዶ ጠየቀ፣ እዚያም የለም። ትቼው ወጣሁ። ፕሪንተር አንዴ ይገዛል፤ ቶነሩ ግን እየደጋገመ ነው የሚገዛው። የእኔ ደንብ ይሄ ነው፦ ቶነሩን ቢያንስ ሦስት ሱቅ ውስጥ ካላገኘሁ ፕሪንተሩን አልወስድም። እንደ ኤችፒ 85ኤ ያሉ ለብዙ ጊዜ የቆዩ ቶነሮች በዚህ ጥሩ ናቸው፤ ኦሪጅናሉም፣ ተመሳሳዩም፣ የሚሞላውም ባለሙያ ይገኛል።

ከዚያ አካፍሉ። 85ኤ ወደ 1600 ገጽ፣ 12ኤ ደግሞ ወደ 2000 ገጽ ያትማል። ይህ ቁጥር የተሰላው ጽሑፉ የወረቀቱን 5 በመቶ ብቻ ይሸፍናል ተብሎ ነው። የልጆች ወርክሺት ሥዕል ስለሚበዛው ከዚያ በፊት ያልቃል። ለስሌት ያህል፣ 1600 ገጽ የሚያትም ቶነር 3200 ብር ቢሆን የአንድ ገጽ ቀለም 2 ብር ነው። የወረቀቱን ዋጋ ጨምሩበትና ሰፈራችሁ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ከሚያስከፍለው ጋር አስተያዩት።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ። ከአዲስ ፕሪንተር ጋር የሚመጣው ቶነር ብዙ ጊዜ ሙሉ አይደለም። ኤችፒ ሌዘር 107ኤ ለምሳሌ የሚመጣው 500 ገጽ በሚያትም ቶነር ነው፤ ለብቻው የሚሸጠው 106ኤ 1000 ያትማል። «ቶነር አለው» ሲሏችሁ ስንት ገጽ እንደሆነ ጠይቁ። ኤችፒ ፕላስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ሁልጊዜ ኢንተርኔትና ኦሪጅናል ቀለም ብቻ ይፈልጋል። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ቤት አልመክረውም።

ከለር በብዛት የምታትሙ ከሆነ ካርትሬጅ ያለውን ተዉት፤ ቀለሙ በጠርሙስ የሚቀዳበትን ውሰዱ። የኤፕሰን ኤል3250 አንድ የጥቁር ጠርሙስ ወደ 4500 ገጽ፣ ሦስቱ ከለሮች አንድ ላይ ወደ 7500 ገጽ ያትማሉ። መግዣው ከበድ ይላል እንጂ የገጹ ዋጋ በጣም ይወርዳል። የክረምቱን ነገር ብቻ አትርሱ።

ቶነር ስለማስሞላት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እኔ አስሞላለሁ፤ ግን አንዱን ከሁለት ጊዜ በላይ አላስሞላም። ውስጡ ያለው ሲሊንደር እየተጫረ ይሄድና ወረቀቱ ላይ ጥቁር መስመር ይመጣል። የፈተና ወረቀት ላይ መስመር ሲወጣ ተማሪው ቁጥሩን አሳስቶ ያነባል፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አስሞልታችሁ ስትቀበሉ እዚያው አምስት ገጽ አሳትሙ፣ የቶነሩንም ታች በሶፍት ጥረጉት። ዱቄት ከወጣ ያፈሳል ማለት ነው፤ መልሱለት። ጽሑፉ መደብዘዝ ሲጀምር ደግሞ ወዲያው አትሩጡ። ቶነሩን አውጥታችሁ ወደ ግራና ቀኝ ቀስ አድርጋችሁ ነቅንቁት፤ ጥቂት ገጾች ይጨምርላችኋል። ፀሐይ ላይ ግን አታስቀምጡት፤ ሲሊንደሩን ብርሃን ይጎዳዋል።

ወረቀት በሚዛን ይፈተናል። ይህን ያስተማረኝ የትምህርት ቤታችን ንብረት ክፍል ጋሼ ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት የአንድ ካሬ ሜትር 1/16ኛ ነው። 80 ግራም የተባለ ወረቀት አንዱ 5 ግራም ይመዝናል፣ ባለ 500ው አንድ ደስጣ 2 ኪሎ ተኩል ይሆናል። 2 ኪሎ ከ200 ግራም አካባቢ ከመጣ 70 ግራም ነው፣ ላዩ ላይ 80 ቢልም። ቀጭን ወረቀት ሁለት ሁለት ሆኖ ይገባል፣ ይጣበቃል፤ ፊትና ጀርባ ካተማችሁ ደግሞ ጽሑፉ ያሳልፋል። የተከፈተውን ደስጣ በላስቲክ ጠቅልሉት፤ ክረምት ላይ እርጥበት ይስባል።

መብራትን በተመለከተ፣ ሌዘር ፕሪንተርን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባለ ባትሪ ዕቃ) ላይ አትሰኩት። ማተም ሲጀምር በመቶዎች የሚቆጠር ዋት በአንዴ ይስባል፤ ዩፒኤሱ ይጮህና ይጠፋል። ዩፒኤሱን ለኮምፒውተሩና ለዋይፋዩ ተዉት፣ ፕሪንተሩን ግድግዳው ላይ ወይም ጥሩ ዲቫይደር ላይ ሰኩት። መብራት ሲሄድ ነቅላችሁ፣ ተመልሶ ሲረጋጋ ሰኩ። ያረጀ ዩፒኤስም አትጣሉ። ብዙዎቹ ትንንሾቹ ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው፤ እሱ ብቻ ይቀየራል።

የሚታተመውን ፋይል ስለምትይዙበት ፍላሽም አንድ ምክር ብቻ። በጣም በርካሽ «2 ቴራ» የሚል ፍላሽ ካያችሁ እለፉት። ኮምፒውተር ላይ 2 ቴራ ብሎ ያሳያችኋል፣ ግን ከጥቂት ጊጋ በኋላ የከተታችሁት ፋይል አይከፈትም። የልጆች ፎቶ እንዲህ የጠፋባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ሱቅ ስትሄዱ ራሳችሁ የጻፋችሁትን አንድ የአማርኛ ገጽ በፒዲኤፍ አድርጋችሁ በፍላሽ ያዙ። በወርድ ከወሰዳችሁት፣ በተለይ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ከተጻፈ፣ እነሱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ የማይነበብ ምልክት ይሆናል፤ ጥፋቱ የፕሪንተሩ ይመስላችኋል። እኔ ይዤ የሄድኩት የአራተኛ ክፍል የአማርኛ ፈተና ነበር። «ጸ» እና «ጿ»፣ «ቀ» እና «ቁ» በትንሽ ፊደል ጥርት ብለው መውጣታቸውን ብርሃን ላይ ይዤ አየሁ። ልጁ ሦስት ገጽ አተመልኝ፤ ሦስተኛውም እንደ መጀመሪያው ሲሆን ከፍዬ ወጣሁ። ያ ፕሪንተር አሁን መጽሐፍ መደርደሪያው አጠገብ ነው፣ ከአቧራ እንዲድን በንጹህ ጨርቅ ተሸፍኖ።