ጎንደር ላይ የዲዛይን ቲንኪንግ ቡድን ለመመሥረት ለምታስቡ

በመጀመሪያ አዳራሽ አትፈልጉ። ፕሮጀክተርም፣ ባነርም፣ ስፖንሰርም ይቅር። አምስት ስድስት ሰውና አንድ የሚያንገበግባችሁ የሰፈር ችግር ይበቃል። ችግሩ ከሌለ ግን ሃምሳ ሰው ቢሰበሰብም ሻይ ጠጥቶ ይበተናል።

ለማያውቀው ባጭሩ፣ ዲዛይን ቲንኪንግ ማለት መፍትሔ ከማሰብ በፊት ችግሩ ያለበትን ሰው ቀርቦ ማየትና መስማት ነው። አሜሪካ ያለው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዲ-ስኩል ያስለመደው አከፋፈል አምስት ደረጃ አለው፦ ሰውን መረዳት፣ ችግሩን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ሐሳብ ማመንጨት፣ በርካሽ ነገር ፕሮቶታይፕ (የሙከራ ናሙና) መሥራት፣ መሞከር። ሙከራው እምቢ ካለ ወደ መጀመሪያው መመለስም ያለ ነው። ቲዎሪው ይኸው ነው፤ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ከ15 ደቂቃ በላይ አትስጡት።

ሰው ስትጋብዙ አንድ ዓይነት ሙያ አታብዙ። የኮምፒውተር ተማሪ ብቻ ከሰበሰባችሁ መልሱ ሁሌም አፕ ይሆናል። ነርስ፣ አናጢ፣ የባጃጅ ሹፌር፣ አስተማሪ፣ ቤት የምታስተዳድር እናት ፈልጉ። ይህ ደግሞ ለጎንደር እንግዳ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው፣ የጤና መኮንኑን፣ የኮሚኒቲ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በአንድ ቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሕዝቡ ይልክ ነበር። የጤና ተማሪ ዛሬም ቲቲፒ (ቲም ትሬኒንግ ፕሮግራም፣ በቡድን ወደ ሕዝቡ ወጥቶ መሠልጠን) እያለ ይወጣል። ቲቲፒ ወጥቶ የተመለሰ ጓደኛ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ጥሩት፤ በር አንኳኩቶ መግባትና መጠየቅ የሚያውቅ ሰው ነው።

ቀኑ እሑድ ከሰዓት ቢሆን እመርጣለሁ። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ እሑድ ጠዋት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ብዙ ነው። ከ8 እስከ 10 ሰዓት ብትጨርሱ አዘዞ የሚገባውም ሰው ሳይመሽ ታክሲ ያገኛል። ፒያሳ አካባቢ ያለ ካፌ ጫጫታ ስላለው የአንዳችሁ ቤት በረንዳ ይሻላል። ቡና ከተፈላማ ጊዜውን ራሱ ይከፍልላችኋል፦ በአቦሉ ከሰፈር የሰማችሁትን ታወራላችሁ፣ በቶናው ሐሳብ ይወረወራል፣ በበረካው ማን ምን ይዞ እንደሚሄድ ይወሰናል። ለወረቀትና ለማርከር ትንሽ ትንሽ አዋጡ፣ ገንዘቡንም እንደ ዕድር አንድ ሰው ይያዝ፣ ሌላው ይቁጠር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የመጀመሪያው ችግር ትንሽ ይሁን። "የጎንደርን የውሃ ችግር እንፍታ" ብላችሁ አትነሡ። እሱ የግድብና የመሥመር ጉዳይ ነው፤ የአንገረብ ግድብ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ እንደማይበቃ ሁላችንም እናውቃለን። የእናንተ ሥራ አንድ ቦኖ መርጦ እዚያ ያለውን ወረፋ ማየት ነው።

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይጻፍ። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ዝም ብላችሁ እዩ። ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል፣ ባለቤቶቻቸው የሉም። የአንዱ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። በአንዱ ላይ ስም ተጽፏል። የአንዱ ክዳን ጠፍቶ አፉ በፌስታል ተወትፏል። ጨርቁና ስሙ ሰዉ ራሱ የፈጠረው መፍትሔ ነው፣ ማንም ዲዛይነር አልነገረውም። ማስታወሻችሁ ላይ መጀመሪያ የሚሰፍረው እሱ ነው።

ትልቅ ሰው ስታነጋግሩ በአንቱታ ነው። "እማማ፣ እንደምን ዋሉ" ብላችሁ፣ ጀሪካኑን ተሸክማችሁ ጥቂት ሸኝታችሁ፣ ከዚያ ጠይቁ። "ቦኖው ይመችዎታል?" አትበሉ፤ "ተመስገን ነው" ብለው ያልፏችኋል። "ትናንት ውሃ ልቀዳ ብለው ስንት ሰዓት ወጡ? ከዚያስ ምን ሆነ?" በሉ። የትናንቱን የሚያወራ ሰው በይሉኝታ የተቀባባ መልስ አይሰጥም። ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ። ውሃ ልናስመጣላችሁ ነው የሚል ነገርም እንዳያመልጣችሁ። ተስፋ ሰጥቶ የሚጠፋ ሰው በዚህ ከተማ በዝቷል፣ እናንተ አትጨምሩበት።

ስትመለሱ የሰማችሁትን በቁራጭ በቁራጭ ወረቀት ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ስቲኪ ኖት ከሌለ አንድ ሉክ ወረቀት አራት ቦታ ቆርጦ በፕላስተር ማያያዝ ነው። ከዚያ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ሰብስቡ። እንበልና ካነጋገራችኋቸው አብዛኞቹን ያማረራቸው የወረፋው ርዝመት ሳይሆን ውሃው መቼ እንደሚለቀቅ አለማወቃቸው ሆነ። ያኔ ጥያቄው ተቀየረ ማለት ነው። "ወረፋውን እንዴት እናሳጥር?" ቀርቶ "ውሃ መምጣቱን ቤቷ ያለች እናት በምን ትወቅ?" ይሆናል። ለእኔ ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ አንድ ሙሉ ስብሰባ ቢወስድም ይውሰድ።

ሐሳብ ወደ ማመንጨቱ ስትገቡ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ከተናገረ በኋላ ልጅ አይቃወምም፣ ነውር ነው። ስለዚህ ማንም ሳይናገር ሁሉም 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይጻፍ። ወረቀቱ ተቀላቅሎ ይነበብ፣ የማን እንደሆነ አይጠራ። መጻፍ የማይችል ካለ ይሳል፣ ወይ ቀድሞ ለአንዱ በጆሮው ይንገረው። "ይሄማ አይሆንም" የሚለው ቃል እስከ በረካው ድረስ ይቆይ።

ፕሮቶታይፕ የሚለው ቃል አያስፈራችሁ። ቦኖው አጠገብ ያለ ሱቅ ውሃ ሲመጣ የሚሰቅለው አረንጓዴ ጨርቅ ፕሮቶታይፕ ነው። የቴሌግራም ግሩፕም ሊሆን ይችላል፣ ግን ስንቷ እናት ተራ ስልክ እንደያዘች ቦኖው ላይ አይታችኋል። አንዱን መርጣችሁ ለአንድ ሳምንት ሞክሩ። ባለ ሱቁ ጨርቁን የሰቀለበትን ሰዓት ይጻፍ፣ እናንተ ደግሞ መጀመሪያ ማን በስንት ሰዓት እንደደረሰ ያዙ። ጨርቁ ከየትኛው ግቢ በኋላ እንደማይታይ በእግራችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ባለ ሱቁ ገበያ ሲበዛበት መስቀሉን ይረሳል? እንግዲያው ኃላፊነቱ ለሌላ ይሰጥ፣ ወይ ሐሳቡ ራሱ ይቀየር። ርካሽ ነገር የምንሠራው ለመጣል እንዳይቆጨን ነው።

ውጤቱን መጀመሪያ የምትነግሩት ለቦኖው ሰዎች ነው፣ ሠራም አልሠራም። ስለ ቡድናችሁ ፌስቡክ ላይ የምትለጥፉት ከዚያ በኋላ ይሁን። ቀጥሎ የትኛውን ችግር እንድትይዙም እነሱን ጠይቁ፤ ምናልባት የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ይሏችኋል፣ ምናልባት የልጆች የትምህርት ቤት መንገድ። ሰው እየጨመረ ከ12 ካለፋችሁ ቡድኑን ለሁለት ክፈሉት፣ አንዱ አዘዞ፣ አንዱ ፒያሳ አካባቢ፣ እና በወር አንዴ ተገናኙ።