ከፖድካስታችን ስር የነበረው «እምምም» እንዴት ጠፋ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ የልጅነታችንን የቲንቲን ኮሚኮች በየተራ የምንገመግምበት ፖድካስት ጀመርን። ችግሩ፦ ከድምፃችን ስር ሳያቋርጥ «እምምም» የሚል ነገር አለ። ዝም ስንል ደግሞ ይብሳል።

መስኮቱ ላይ ጋቢ ሰቀልን። የባጃጁን ጩኸት ቀነሰልን፤ እምምታው ግን ንቅንቅ አላለም። የዩኤስቢ ማይኩን ገመድ ቀየርን፤ ያው ነው። ድምፅ በምናርምበት ፕሮግራም፣ ኦዳሲቲ ላይ፣ ኖይዝ ሪዳክሽን (ጫጫታ መቀነሻውን) አበዛንበት፤ የቲንቲን ጓደኛ የካፒቴን ሃዶክ ስድብ ከጀሪካን ውስጥ የሚወጣ መሰለ። ያ ስድብ ካልጣፈጠ ምን ቀረን?

ፍንጩን የሰጠን እዚያው ኦዳሲቲ ውስጥ አናላይዝ ሜኑ ስር ያለው ፕሎት ስፔክትረም ነው፤ የትኛው ድግግሞሽ ምን ያህል እንደሚጮህ በግራፍ ያሳያል። ዝም ያልንበትን ቁራጭ መርጠን ስንከፍተው 50 ኸርዝ ላይ ሹል ጫፍ ወጣ፤ 100 እና 150 ላይም እንዲሁ። 50 የመብራታችን ድግግሞሽ ነው። ሃይ ፓስ ፊልተር (ወፍራም ድምፅ የሚቀንስ ማጣሪያ) 80 ላይ ብታደርጉ 50ውን ይቀንሰዋል፤ ሌሎቹ ግን ይቀራሉ።

ከዚያ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀልኩት። ጸጥ! ኤሌክትሪሺያን ሲያየው የሶኬቱ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) አልተገናኘም። አሁን ባትሪውን እንሞላለን፣ ነቅለን እንቀዳለን። ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ግን ግራውንዱን ማስጠገን ይሻላችኋል።